አሜን ከተባለ በኋላ

ሸዋረገድ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጥግ ፈልጋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ጥጉን የሰጣት ሥራዋ ነው። የሦስቱ ከተሞች፣ የነቀምት፣ የአርጆና የኡኬ፣ የውኃ አገልግሎት የለውጥ ክፍል ኃላፊ ከሆነች ወዲህ፣ ነቀምት ዋናው መሥሪያ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። «አካም ቡልተን፣ አዴ ሸዋረገድ» ተብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ይባላል፤ ጤናዋ፣ ልጇ፣ ቤቷ በየተራ ይጠየቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየወረቀቱ ያቀረቅራል። ሰላምታ ሞልቶ ጨዋታ የጠፋበት ቤት ከባዶ ቤት ይብሳል።

ኃላፊ ትባል እንጂ በክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ረዳቷ ወደ አዳማ ተዛውራ ከሄደች በኋላ ወንበሯ ላይ የአሮጌ መፈክር ጥቅል ተቀመጠበት። ጥቅሉ ሲገለጥ «ለውጡን በጋራ እናስቀጥላለን» ይላል። ማን ከማን ጋር እንደሚያስቀጥል አይናገርም።

ለውጥ የሚለው ቃል እዚህ አገር የደረሰበትን ውርደት ማንም ጽፎ አይጨርሰውም። ቢፒአር ተብሎ መጣ፤ ግድግዳ ፈርሶ ወንበር ተዟዟረ። ቢኤስሲ ተብሎ መጣ፤ ሰው ለራሱ በራሱ ዘጠና አምስት ሰጠ። ካይዘን ተብሎ መጣ፤ መሳቢያ ተጸዳ፣ መደርደሪያ ላይ ስም ተለጠፈ። ሁሉም በጭብጨባ ገባ፤ ሁሉም ያለ ለቅሶ ተቀበረ። አንድም ሰው በስብሰባ መሐል ተነሥቶ «ይህ ነገር አይሠራም» አላለም፤ ከስብሰባው በኋላ ግን ያላለ የለም። መሥሪያ ቤት የሚበላሸው በማያውቁ ሰዎች ነው ይባላል። ውሸት ነው። የሚበላሸው እያወቁ በሚያጨበጭቡ ሰዎች ነው።

ሸዋረገድ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህም ሥራዋ አንድ ነገር ብቻ ነው ብላ ደምድማለች። ሰው የሚያስበውን ነገር ውሳኔው ከማለፉ በፊት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በገዛ አፉ እንዲናገር ማድረግ። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

ባለፈው ዓመት የኡኬ ቅርንጫፍ መለዋወጫ ዕቃ ነቀምት ግምጃ ቤት ይጠቃለል ተባለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ተጨበጨበ። በፋሲካ ሰሞን ኡኬ ላይ ዋናው መስመር ፈነዳ። መገጣጠሚያው ያለው ነቀምት ነው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ሳምንት ተዘግቷል። መንገዱ ለምን እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። የኡኬ ሴቶች በዓሉን ከወንዝ ውኃ በጀሪካን ሲያመላልሱ ዋሉ። የኡኬው ኃላፊ ሮብሳን ይህ እንደሚመጣ ከስብሰባው በፊትም ያውቅ ነበር። ሸዋረገድ ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብትለው ሣቅ አለና መሬት መሬት አየ።

አሁን ደግሞ ተራው የአርጆ ሆነ። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ከመዋቅሩ አንድ ክፍል ይታጠፍ። ሥራ አስኪያጁ ጋሮማ ብዙም ሳይጨነቅ የአርጆን የጥገና ቡድን መረጠ። ቡድኑ ነቀምት ካለው ጋር ይቀላቀላል፤ አርጆ ላይ ቧንቧ ሲሰበር ከነቀምት በመኪና ይወረዳል። መኪናው አንድ ነው። ክረምቱ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ጋሮማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ለትግል ይመች ነበር። የተሰጠውን ቶሎ ጨርሶ ሪፖርቱን መላክ የሚወድ፣ ትሑትና ሥልጡን ጎልማሳ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስቆመው የሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው፤ አፉ ደግሞ ተዘግቷል።

ሸዋረገድ በሥልጠና የተማረችውን ሁሉ ሞከረች። በቡድን በቡድን ከፋፈለቻቸው፤ ቡድኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ተመለሱ። ስም ሳይጻፍ ሐሳብ በካርድ ይሰብሰብ አለች፤ ካርዶቹ ሁሉ «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ አንዱ ብቻ «በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ያን ቀን ካርዶቹን ቤቷ ወስዳ ምድጃ አቀጣጠለችባቸው።

እውነተኛው ስብሰባ የሚካሄደው ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ኑረዲን ቁርስ ቤት ነው። ኑረዲን ወልቂጤ ተወልዶ ነቀምት ያደገ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው አስበልጦ የሚቀልድበት ሰው ነው። ስብሰባ ባለ ቀን ሦስት ጠረጴዛ ገጥሞ ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ታፍኖ የዋለው ሁሉ እዚያ ከስፕሪስ ጋር ይወጣል። ሸዋረገድ ከጠረጴዛዎቹ ጫፍ ላይ፣ ሳትጠራ፣ መቀመጥ ከጀመረች ሰንብታለች። መጀመሪያ ላይ ሰው ዝም ይላት ነበር፤ በኋላ ረሷት። መረሳቱም ያው ብቸኝነት ነው፤ ግን ወሬ ያሰማል።

ስለ አርጆ የመጀመሪያው ውይይት የተደረገ ቀን፣ ከስብሰባው ሲወጡ፣ የአርጆዋ ኃላፊ ድርቤ ወንበር ስባ እንኳ በወጉ ሳትቀመጥ ጀመረች። ክረምት ላይ ቧንቧ ሲፈነዳ ነቀምት ደውዬ መኪና ልለምን ነው ወይ አለች። መንገዱ ሲዘጋስ፣ ጤና ጣቢያው ያለ ውኃ ሲቀርስ፣ ከሕዝቡ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ ወይስ ጋሮማ አለች። ኑረዲን ጨጨብሳውን እያስቀመጠ «እዚያ ውስጥ ርቧችሁ ነው እንዴ ዝም የምትሉት?» ብሎ ተረባቸው። ሣቁ።

ሸዋረገድ አልሣቀችም።

«ይህን አሁን ያልሽውን፣ እዚያ ምን ከለከለሽ?» አለቻት።

ድርቤ እንደ ሞኝ አየቻት። «እንዴት ብዬ፣ አዴ? ኦቦ መገርሳ ቆመው ነቀምትንና አርጆን አንድ ያድርግልን ብለው መረቁ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን ብያለሁ። አሜን ካልኩ በኋላ ምን አፍ አለኝ?»

ከወዲያኛው ጫፍ ሮብሳን ሣቁን አቆመ። «የዚያን ጊዜም ብለን ነበር» አለ፤ «የኡኬን ዕቃ ጊዜ። አሜን ብለን ነበር።»

የሸዋረገድ ስፕሪስ ቀዘቀዘ። ዓይኗ ሥር የነበረውን ነገር ስታጣው ኖራለች። በዚያ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሁሉ በምርቃት ይከፈታል፤ መራቂው የዕድሜ ታላቁ ኦቦ መገርሳ ናቸው። ጋሮማ ጠዋት ወደ ግምጃ ቤታቸው ጎራ ብሎ ዛሬ ስለምን እንደሚወራ በአክብሮት ይነግራቸዋል። እሳቸውም የሰሙትን በቅን ልብ ምርቃታቸው ውስጥ ያስገቡታል። ሰው እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ሐሳብ ሐሳብ መሆኑ ያበቃል፤ የተመረቀ ነገር ነው። ሽማግሌ የመረቀውን፣ እግዚአብሔር የተጠራበትን፣ አሜን ባልክበት አፍህ ልታፈርሰው ነው? ጋሮማ ዝምታውን ስምምነት ነው ብሎ ይጽፋል፤ ኦቦ መገርሳ በመሥሪያ ቤቱ ልጆች ፍቅር ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ኡኬ ይጠማል። ማንም አላሴረም። እሷም ራሷ በየስብሰባው፣ ከሁሉም ጮክ ብላ፣ አሜን ትል ነበር።

በማግሥቱ ግምጃ ቤት ወረደች። ኦቦ መገርሳ ጡረታ የቀረባቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። የፕላስቲክ ቧንቧ ጥቅል ላይ አስቀመጧትና የሴት ልጇን የሃሌሉያን ደኅንነት ጠየቋት። ሸዋረገድ ነገር ማለዘብ አታውቅበትም። ምርቃቱ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ይሁንልኝ አለቻቸው።

ኦቦ መገርሳ በደንብ የሰሙ አልመሰላቸውም። እንደገና አስባሏት።

«ተበልቶ ካለቀ በኋላ ይጸለያል እንዴ፣ ልጄ?»

«እኛ ቤት ከተበላም በኋላ ይጸለያል።»

«ይህን ያህል ዘመን ስመርቅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የማንንም አፍ የዘጋሁ አይመስለኝም ነበር።»

«እርስዎ አልዘጉም፤ እኛ ነን ምርቃትዎ ውስጥ የተደበቅነው። ምንም ሳንወስን ነው የሚመርቁን፣ ኦቦ። ስንጨርስ የወሰንነውን ይመርቁልን።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ውስጡን አዩ፤ መልሰው አደረጉት። «እሺ» አሉ። ከእምቢታ የሚከብድ እሺ አለ፤ ሸዋረገድ ያን ተሸክማ ደረጃውን ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሯ ቡርቃ ጃቶ ገባ። ሸዋረገድ ጸሎት ከለከለች ተባለ። የሸዋ ሰው ልጅ መሆኗ ያን ሰሞን ታወሰ፤ አባቷ ነቀምት ላይ የግማሹን ሰፈር ልጅ ፊደል ያስቆጠረ መምህር እንደነበር ግን ማንም አላነሣውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራት ገበያ የምትወርደው ጎረቤቷ ዛሬ አልመቸኝም አለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አልተመቻትም። ኑረዲን ቤት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ሰው ከአጠገቧ ያለውን ወንበር ወደ ሌላው ጫፍ እየሳበ ወሰደው። ሃሌሉያ ከሐዋሳ ደውላ ድምፅዋን እንደ ሰማች «እማዬ፣ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላሽ?» አለቻት፤ ከማንም አለች፤ ሌላ የሚወራ ጠፍቶ ስለ ዝናብ አወሩ። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷ ውስጥ ሬዲዮ ሳይጠፋ ያድራል፤ ያን ሳምንት ሬዲዮውም አናደዳት።

ጋሮማም ጠርቶ አነጋገራት። ሰው ቅር ብሎታል፣ እኔ ግን በዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም፣ ቢበላሽ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው አላት፤ ይህን ሁሉ በትሕትና። እሷ ደግሞ በቁጣ መለሰችለት። ጸሎት አልተከለከለም፣ ተራው ነው የተቀየረው፤ አንተ በየጠዋቱ ሽማግሌውን አጀንዳ እያስጠናህ የምትሰበስበው አሜን የማን ድምፅ ነው አለችው። ጋሮማ ይህን አስቦበት አያውቅም ነበር፤ ፊቱ ላይ ታየ። ብቻ ፊቱ ላይ የታየው ነገር ምስጋና አልነበረም።

የውሳኔው ቀን ጠዋት ሰማዩ ዳምኖ ነበር። የአርጆና የኡኬ ሰዎች ቀድመው መጡ፤ አዳራሹ ሞላ። ጋሮማ ሁላችሁም እንኳን ደኅና መጣችሁ አለና በልማድ ወደ ኦቦ መገርሳ ዞረ፤ ከዚያ አስታወሰና ዓይኑን መለሰ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። አንዳንድ ሰው ከልማዱ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ባዶ እጁን አየና ሰበሰበው። ሸዋረገድ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ተጠልታ አታውቅም። ማንም አላያትም፤ ግን ሁሉም እሷን ነበር የማያየው።

ጋሮማ ሐሳቡን አነበበ። አስተያየት ያለው ብሎ ጠየቀ። ዝምታው ረዘመ፤ ያ የለመዱት ዝምታ አልነበረም። የለመዱት ዝምታ መደገፊያ ነበረው። ይህኛው ሰው እንዳይደገፍበት ሆኖ በመሐላቸው ቆመ። ወንበር ተንቋቋ። አንድ ሰው ሳለ።

«እኔ አልስማማም» አለች ድርቤ።

ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ እየቆየ ወፈረ። ኑረዲን ቤት የተናገረችውን ሁሉ ተናገረች፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው። መንገዱ ይዘጋል አለች፤ ይህን ቃል በዚያ አዳራሽ ያነሣ ሰው አልነበረም። ሮብሳን ተከትሎ ተነሣና ያለፈው ዓመት ዝም ብዬ ነው ኡኬን ያስጠማኋት አለ። ከዚያ ማን ቀድሞ ማን እንደ ተከተለ መለየት አስቸገረ። አማርኛው ወደ ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ወደ አማርኛ እየተሻገረ አዳራሹ ገበያ መሰለ። ጋሮማ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ የሚያነበውን ወረቀት ገልብጦ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረ። የአርጆ ቡድን አይነካም ወደሚለው ደረሱ። ሸዋረገድ ጥጓ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ስንት ዓመት የለፋችበት ነገር ዓይኗ እያየ ሆነ።

«ጥሩ» አለ ጋሮማ። «ትእዛዙ ግን እንዳለ ነው። አንድ ክፍል ይታጠፋል። አርጆ ካልሆነ የቱ ይሁን?»

ማንም ያላሰበበት ጥያቄ ነበር። ሸዋረገድም አላሰበችበትም። ድርቤ ግን እንደ ቆመች ነች፤ አልተቀመጠችም።

«የለውጥ ክፍሉ ይታጠፍ» አለች።

ወደ ጥጉ ዞረች፤ ያን ቀን ሸዋረገድን በዓይኗ ያየች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። «አዴ ሸዋረገድ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ የምንጠራው እርስዎን አይደለም። ይህን ኑረዲን ቤት ሄጄ ማለት እችል ነበር። ከኋላዎ ከማወራ ፊት ለፊት ይሻላል ብዬ ነው።»

ሸዋረገድ ተነሣች። ተቃውሞ ያለው ይናገር የምትለው እሷ ናት፤ ተናገረች። ለዘብ አላለችም። እናንተ ዛሬ የተናገራችሁት እኔ ጥርሴን ነክሼ ባስቀመጥኩት ሥርዓት ምክንያት ነው አለች። ነገ እኔ ስሄድ ምርቃቱ ወደ ፊት ይመለሳል፣ አጀንዳው በምርቃቱ ውስጥ ይገባል፣ እናንተም አሜን ብላችሁ ኑረዲን ቤት ትሄዳላችሁ፤ አንድ ከተማ እስኪጠማ ድረስ አትነቁም አለች።

አዳመጧት። ይህም አዲስ ነገር ነበር። የመለሰላት ሮብሳን ነው፤ ይህን ጊዜ መሬት መሬት አላየም።

«ሊመለስ ይችላል፣ አዴ» አለ። «እውነትዎን ነው። ግን ቧንቧ ጠጋኝ ከሚታጠፍ፣ ያ ልማድ ቢመለስ ይሻለናል።»

እጅ አውጡ ተባለ። እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ሸዋረገድ ከእጆቹ በታች ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች፤ ጥላቻ ፈለገች፣ ቢገኝ ደስ ባላት ነበር። የነበረው ሐሳቡን ያመነበት ሰው ፊት ብቻ ነው። የሚቃወም ሲባል የእሷ እጅ ብቻውን ወጣ። ጋሮማ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ ብሎ ጻፈ። በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ በሙሉ ድምፅ ያልጸደቀ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው፤ የጎደለው ድምፅም የእሷው ነው። ሌላ መደብ እስኪገኝላት በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ተንሳፋፊ ትባላለች።

ያኔ ኦቦ መገርሳ ተነሡ። ማንም ምን እንደሚመርቁ አልነገራቸውም፤ ስለዚህ ያዩትንና የሰሙትን መረቁ። በሁለቱም ቋንቋ፣ ቀስ እያሉ። የተናገረውን አፍ ዋቀዮ አምላካችን አይዝጋው አሉ። አሜን ተባለ። የሚፈሰውን ውኃ አያድርቅብን አሉ። አሜን። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጥጉ መለሱ።

«የምትሄደው ልጃችን በሄደችበት በሰላም ትግባ» አሉ። «የሚሰማት ሰው አይጥፋባት።»

አሜን አለ አዳራሹ። ሸዋረገድ እጇን ዘርግታ ነበር። ቃሉ ግን ዘገየባት፤ ሌላው ሰው ሁሉ ብሎ ጨርሶ፣ እጁን ሰብስቦ፣ ወንበር መንቋቋት ከጀመረ በኋላ ነው የእሷ አሜን ብቻውን የወጣው።

ኑረዲን ሦስቱን ጠረጴዛዎች ገጥሞ፣ ስኳሩን ሞልቶ ይጠብቅ ነበር። ሸዋረገድ ገብታ ከለመደችው ጫፍ ተቀመጠች። አንድ ስፕሪስ መጣላት። ኑረዲን በሩን አየ፣ ግቢውን አየ።

«ሰዎቹስ?» አላት። «ስብሰባ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። አለቀ።»

«አለቀ ስትዪ?»

«እዚያው ተነጋግረው ጨረሱ።»

ኑረዲን ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው። ከግቢው አርጆዎቹን የጫነች የኪራይ መኪና ወጣች። ድርቤ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እጇን አነሣችላት፤ ሸዋረገድም አነሣች። መኪናዋ ሳትቆም ወደ አርጆ መንገድ ታጠፈች። የኡኬዎቹም ወጡ። የዳመነው ሰማይ ዘነበ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አላሰማ አለ። ኑረዲን ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት፤ ጠረጴዛዎቹን ልለያያቸው ወይ አላት።

ሸዋረገድ ባዶዎቹን ወንበሮች እስከ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ አየቻቸው።

«ተዋቸው» አለችው። «ዝናቡ እስኪያባራ።»